የኖራ ድንጋይ ተዳፋት ላይ ዛፍ ቢተከል አፈሩ ይረጥባል ወይስ ይደርቃል?

ሽምብጥ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የእናቴ ወገኖች ግን ደጀን አካባቢ፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ናቸው። ከአፋፉ ወረድ ብሎ ሰፊ የወል ተዳፋት አለ። ድሮ ቁጥቋጦ ነበረበት ይላሉ። አሁን የሚታየው ነጭ ድንጋይ ነው፤ በድንጋዩ መሃል መሃል ስስ አፈር አለ። ከግርጌው አንዲት ምንጭ አለች። ጥር ካለፈ ውሃዋ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሚያዝያ ላይ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ወረፋ ነው።

የሰፈሩ ወጣቶች ተደራጅተው ተዳፋቱን በዘንድሮው ክረምት ችግኝ ሊያለብሱት ነው። አብዛኞቹ ባሕር ዛፍ ነው የሚሉት። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ «ዛፍ ውሃ ይጠራል፣ ይተከል» ይላሉ። ግማሾቹ «የቀረችንን ጠብታ ሊያስጠጡብን ነው» ይላሉ። እኔን ደግሞ «ከተማ ያለኸው አንተ ነህ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቅልን» ብለውኛል። ይኸው ጠየቅኩ። ምክንያት ያለው መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ባጃጅ_14
ሁለቱም ወገን ልክ ነው። ሽማግሌ አይሳሳትም።

ድንጋይ_አንባቢ
ወደ ዛፉ ከመግባታችን በፊት ድንጋዩን እንወቅ። እኛ ጣና ዳር ያለን ሰዎች የለመድነው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባዛልት። ጣና ራሱ ላቫ ፈስሶ መውጫውን ስለዘጋው የተጠራቀመ ሐይቅ ነው። ዓባይ በረሃ ግን ሌላ ነገር ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ ስትወርድ ከላይ ባዛልት ታገኛለህ። ቀጥሎ አሸዋ ድንጋይ ይመጣል፤ ከዚያ የኖራ ድንጋይ። ከሱ በታች ጀሶ ያለበት ንብርብር፣ ግርጌው ላይ እንደገና አሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ፈልገህ ካየህ የዛጎል ቅሪት አታጣበትም።

ነጭ ድንጋይ ሁሉ ግን ኖራ አይደለም። ጀሶም ነጭ ነው። ዘመዶችህ ድንጋዩን በሚስማር ቧጨር ያድርጉና ዱቄቱ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ እየሠራ ከፈላ የኖራ ድንጋይ ነው። ጀሶ ከሆነ አይፈላም።

ይህን የምጠይቅህ ያለ ነገር አይደለም። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል። የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ ያሟሟል። ስንጥቁ እየሰፋ ቦይ ይሆናል፤ ሲብስ ዋሻ ይሆናል። ባሌ ያለውን ሶፍ ዑመር ዋሻ የወይብ ወንዝ የቦረቦረው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ሲሟሟ የሚተወው ጭቃ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ለመሥራት ሺህ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ መሬቱ ሁለት ችግር አለበት፤ ላዩ ስስ አፈር ነው፣ ታቹ ወንፊት ነው። ዝናብ ቢጠግብም ቶሎ ይጠማል።

ሽምብጥ_ልጅ
ትናንት ደውዬ ነገርኳቸው። ኮምጣጤ ስላልነበረ ሎሚ ጨምቀውበት ነው፤ ፈልቷል። ልጆቹ አሁን ያገኙት ድንጋይ ላይ ሁሉ ሎሚ እየጨመቁ ነው አሉ። ከተዳፋቱ በላይ ያለው ሜዳ ግን ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍ ይዘሩበታል።

ዲኤ_የነበርኩ
እኔ በልማት ሠራተኝነት ብዙ ዓመት ያገለገልኩት እንዲህ ዓይነት የተራቆተ ተዳፋት ላይ ነው። ስለዚህ ድምፄን ለ«ይተከል» እሰጣለሁ። ምክንያቴን ላስቀምጥ።

ባዶ መሬት ላይ የክረምት ዝናብ ሲያርፍ ጠብታው አፈሩን ይፈጨዋል። ደቃቁ ብናኝ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከዚያ ውሃው መግቢያ ስለሚያጣ በላይ በላይ ይሄዳል፤ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። ሣርና ቁጥቋጦ ሲለብስ ጠብታው ቅጠል ላይ ይሰበራል። የረገፈው ቅጠል መሬቱን ከፀሐይ ይሸፍነዋል። የበሰበሰው ሥር ለውሃው መውረጃ ይሆናል።

ትግራይ ውስጥ ደጉዓ ተምቤን የኖራ ድንጋይ ያለበት አገር ነው። እዚያ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ሆነው የቆዩ ተዳፋቶች ላይ ለዓመታት ጥናት ተሠርቷል። የዕፅዋት ሽፋኑ ወደ 65 በመቶ ሲጠጋና ሲያልፍ ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። ያ ሁሉ ውሃ መሬት ገባ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ውጤት የመጣው በአብዛኛው በመከለል ነው። ፍየሉ ሲወጣ ቁጥቋጦው ራሱ ተመለሰ።

መርዓዊ_መንገድ
ወንድሜ ዲኤ፣ ገባ ያልከው ውሃ የት እንደሚሄድ አልነገርከንም። ከመሬት የገባ ሁሉ መሬት ውስጥ አይቀርም። ዛፉ ይጠጣዋል።

የኔ ሰፈር ሜጫ ነው፣ ቆጋ ግድብ አጠገብ። የባሕር ዛፍ አገር ማለት ነው። አጣና እንሸጣለን፤ ገንዘብ አለው፣ አልክድም። ነገር ግን ከባሕር ዛፍ አጠገብ ያለ ማሳ በቆሎው ሲቀጭጭ ሁሉም ገበሬ ያየዋል። ጎረቤት ከጎረቤት የሚካሰሰውም በዚህ ነው።

የራሴን አገር ብቻ እንዳላወራ ሌላ ልጨምር። ደቡብ አፍሪካ ሞኮቡላን የሚባል ቦታ አንድ የሣር ተፋሰስ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሙሉ በሙሉ ባሕር ዛፍ ተተከለበት። በ9ኛው ዓመት ወንዙ ጭራሽ ደረቀ። ዛፉ በ16 ዓመቱ ሲቆረጥም ወንዙ ወዲያው አልተመለሰም። ዓመታት ፈጅቷል፤ ምክንያቱም ዛፉ ያሟጠጠው የጥልቅ አፈር እርጥበት መጀመሪያ መሞላት ነበረበት። በዚህ ላይ ቦታው ዝናብ የሚያጣ አልነበረም።

ዘጌ_ቡና
ልጆቼ፣ ሁላችሁም አዋቂዎች ናችሁ፤ እኔ ያየሁትን ልናገር። ዘጌ ተወልጄ ያደግኩት ጫካ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ከጥንት የተከለከለ ነው። ቡናው ከዋንዛው ከብሳናው ሥር ነው የሚበቅለው። መጋቢት ላይ ባሕር ዳር አቧራ ሲሆን እኛ ዘንድ ቅጠሉን ገለጥ ብታደርጉት አፈሩ እርጥብ ነው። ዛፍ መሬት ያደርቃል የሚል ሰው ይምጣና ይይ።

ድንጋይ_አንባቢ
እትዬ፣ ያሉት እውነት ነው። ግን የዘጌ መሬት ባዛልት ነው። ባዛልት ሲበሰብስ ጥልቅ ቀይ አፈር ይሠራል። ሜትር፣ ከዚያም በላይ ጥልቀት ያለው አፈር የክረምቱን ውሃ አስቀምጦ እስከ በጋ ድረስ ለዛፉ ያከፋፍላል። በዚያ ላይ ሐይቁ አጠገብ ነዎት። የልጁ ተዳፋት ግን ምናልባት አንድ ክንድ የማይሞላ አፈር ነው ያለው። እርስዎ ያዩትን እዚያ መጠበቅ ይከብዳል።

ዘጌ_ቡና
እሺ ልጄ። ግን ቅጠሉን አትጥረጉት በሏቸው። ቅጠል እየጠረጉ የሚያነዱ ሰዎች አሉ። ከዛፉ ይልቅ እርጥበት የሚይዘው ቅጠሉ ነው።

ቀለመ_አፈር
እኔ አፈርና ውሃ ነው የማጠናው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ አፈር በማድረቅ ነው ዕድሜዬ የሚያልቀው። እስካሁን የተባለው ሁሉ አይጋጭም። የተጋጨ የመሰለው ስለተለያየ ጥልቀትና ስለተለያየ ጊዜ ስለምታወሩ ነው።

እትዬ ዘጌ የሚያወሩት ስለ ላይኛው ጣት ስለሚገባበት አፈር ነው። እሱ ከዛፍ ሥር ይረጥባል። ጥላ አለው፣ ቅጠል አለው፣ ንፋስ አይመታውም። መርዓዊ የሚያወራው ስለ ታችኛው ነው፤ ሥሩ ውሃ ስለሚስብበት። እሱ ዛፉ እያደገ ሲሄድ ይደርቃል። አንድ ሰው አሥር ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ «ረጠበ» ሊል ይችላል። ሌላው እዚያው ቦታ አንድ ሜትር ቆፍሮ «ደረቀ» ሊል ይችላል። ሁለቱም አይዋሹም።

የኖራ ድንጋይ ላይ ነገሩ የሚወሳሰበው አንድ ሜትር መቆፈር ስለማይቻል ነው። አፈሩ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። ዛፉ ግን እዚያ አይቆምም። ሥሩ በስንጥቁ ይወርዳል። አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ኤድዋርድስ ፕላቶ የሚባል የኖራ ድንጋይ አገር አለ። ተመራማሪዎች ዋሻ ውስጥ ገብተው ከጣሪያው የተንጠለጠለ የኦክ ዛፍ ሥር አግኝተዋል፤ ከ20 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ። ስለዚህ በኖራ ድንጋይ ላይ የአፈሩን እርጥበት ብቻ ለክቶ ስለ ዛፉ መፍረድ አይቻልም። ዛፉ አፈሩን ሳይነካ ከድንጋዩ ስንጥቅ ሊጠጣ ይችላል። ወይም ሥሩ ገና ስንጥቅ ካላገኘ ያቺኑ ስስ አፈር ብቻ ይመጥጣል። ወጣት ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ብዙ ጥናት ያለው ደቡብ ምዕራብ ቻይና ነው፤ ጉይጆ፣ ጓንግሺ፣ ዩናን። የኖራ ድንጋይ ተራራ ነው። እያረሱ አራቁተውት ድንጋዩ ፈጦ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ጀምሮ መንግሥት ገበሬውን እህልና ገንዘብ እየሰጠ ተዳፋት ማረሱን እንዲተውና እንዲተክል አድርጓል። ዝናብ አያጡም፤ ብዙው ቦታ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ ከእኛ ጎጃም ብዙ አይርቅም። ሆኖም ዝናቡ በተቋረጠ በሳምንታት ውስጥ አፈሩ ይደርቃል። ያው ድንጋይ_አንባቢ ያለው ወንፊት ነው።

እዚያ ደጋግሞ የታየው እንዲህ ነው። መሬቱ ከእርሻና ከግጦሽ አርፎ በራሱ ሣርና ቁጥቋጦ ሲያበቅል አፈሩ ይሻሻላል። ብስባሽ ይጨምራል፣ ውሃ የማስገባትና የመያዝ አቅሙ ያድጋል። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ በጥቅጥቅ ሲተከል ግን ዛፉ የሚያወጣው ውሃ አፈሩ በማሻሻሉ ካተረፈው ሊበልጥ ይችላል፤ በተለይ በደረቁ ወራት። አፈሩ የተሻለ ሆኖ ሳለ እርጥበቱ ያነሰ ይሆናል ማለት ነው። ይህን አብዛኛው ሰው መስማት አይፈልግም፤ ግን ሒሳቡ ይኸው ነው። የሚገባውን ጨመርክ፣ የሚወጣውንም ጨመርክ። ማን እንደሚበልጥ የሚወስነው የዛፉ ዓይነት፣ ብዛቱ፣ ዕድሜውና የአፈሩ ጥልቀት ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል የዝናቡን ከፊል እዚያው ላይ ይዞ መልሶ ለፀሐይ ይሰጠዋል። ትንሽ ካፊያ ከሆነ መሬትም ላይደርስ ይችላል። በከባድ የሐምሌ ዝናብ ግን ብዙ ለውጥ የለውም።

መርዓዊ_መንገድ
ቀለመ፣ እንግዲህ ከኔ ጋር ነህ ማለት ነው።

ቀለመ_አፈር
ግማሽ መንገድ። ቴክሳስን ልጨርስልህ። እዚያም ብዙ ሰው «የጥዱ ዝርያ ውሃችንን ጨረሰው፣ ይቆረጥ» ይል ነበር። ተመራማሪዎች የብዙ ዓመት የወንዝ ፍሰት መዝገብ ሲያዩ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዛፉ እየበዛ በመጣባቸው አሥርት ዓመታት በጋ ላይ ወንዙን የሚያቆየው የምንጭ ውሃ ጨምሮ ተገኘ። ምክንያቱ ዛፉ ውሃ ሠርቶ አይደለም። በፊት መሬቱ በከብት ተረግጦ ደንድኖ ነበር። ከብቱ ሲቀንስ አፈሩ አገገመ፣ ውሃው በስንጥቁ መውረድ ጀመረ።

ስለዚህ ከምን ተነስተህ እንደምታወዳድር ዋናው ነው። ሞኮቡላን የተተከለው ጤነኛ የሣር መሬት ላይ ነበር። እዚያ ዛፉ የሚያሻሽለው ነገር አልነበረም፤ መጠጣት ብቻ ነው የቀረው። የሽምብጥ_ልጅ ተዳፋት ግን ተራቁቶ የተረገጠ ነው። እዚህ የሚገኘው ትርፍ ትልቅ ነው። ትርፉን ግን በባሕር ዛፍ መልሰህ ልታጠፋው ትችላለህ።

ባጃጅ_14
እኔ ከላይ ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ነበር። ማንም አልሰማኝም።

ዲኤ_የነበርኩ
እኔም እኮ ባሕር ዛፍ ይተከል አላልኩም። በኖራ መሬት ላይ እሱ ራሱ ደስተኛ አይሆንም። ኖራ የበዛበት አፈር ውስጥ ብረትና ፎስፈረስ ቢኖርም እንኳ ተክሉ በቀላሉ አያገኘውም። ብዙ የባሕር ዛፍ ዓይነት እዚያ ላይ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። አንዳንድ ልጆች ደግሞ አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ አይተው «ዲከረንስ እንትከል፣ ከሰል እንሽጥ» ይላሉ፤ ቶሎ የሚያድገውን የውጭ ግራር ማለታቸው ነው። ዲከረንስ እዚያ የተሳካለት ጥልቅና አሲዳማ አፈር ላይ ነው። ፍጹም ተቃራኒ መሬት ነው። የሚያስቀው ደግሞ የአዊና የሌላው ጎጃም ገበሬ አሲዱን ለማብረድ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይገዛል። የሽምብጥ_ልጅ ዘመዶች የተቀመጡበትን ማለት ነው!

የሚስማማውን መሬቱ ራሱ ይነግራችኋል። አጠገቡ ገደሉ ውስጥ ፍየል ያልደረሰበት ቦታ ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሂዱና ምን እንደበቀለ እዩ። ወይራ፣ ጥድ፣ ክትክታ፣ አጋም፣ ቀጋ፣ ደደሆ ታገኛላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ወረድ ካላችሁ ቆላው ሲጀምር ግራር። ክትክታ ያልተዘመረለት ጀግና ነው። ድንጋይ ላይ ይበቅላል፣ ፍየል ብዙ አይወደውም፣ ለማገዶም ለግድግዳም ይሆናል። ወይራ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው።

የጎርፍ_ጠላት
ስለ አተካከሉ እኔ ልጨምር። በእንደዚህ ዓይነት ቦታ ችግኝን በመስመር፣ በእኩል ርቀት መትከል ለፎቶ ነው የሚጠቅመው። አፈሩ እኩል ስላልተቀመጠ ችግኙም እኩል አይቀመጥም። የፈጠጠው ድንጋይ ላይ የሚያርፈው ዝናብ አይጠፋም። ድንጋዩን ታክኮ ወርዶ ከጎኑ ያለችውን የአፈር ኪስ ያጠጣታል። ስለዚህ ከትልቅ ድንጋይ ታችኛ ጎን ያለው አፈር ከሌላው ይልቅ ይረጥባል። ችግኙ መግባት ያለበት እዚያ ነው። ባዶው ድንጋይ ባዶ ይቅር። ውሃ ሰብሳቢያችሁ እሱ ነው።

ጉድጓድ ስትቆፍሩ የመጣውን ድንጋይ አትወርውሩት። ከችግኙ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ክብ ሥሩ። ጠጠሩን ደግሞ ችግኙ ዙሪያ አልብሱት፤ ትነት ይከላከላል። በተረፈ እርከን ለመሥራት ብላችሁ ያቺን ስስ አፈር እየቆረጣችሁ አትደርድሯት። በድንጋይ ካብ ብቻ ይበቃል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክረምቶች ሣርና ቁጥቋጦው ቀድሞ ቢመጣ እመርጣለሁ። ከዚያ ዛፉን ራቅ ራቅ አድርጎ ማስገባት። ችግኝ ተቆጥሮ ሪፖርት የሚደረግበት አሠራር ይህን አይወድም፤ ግን መሬቱ ሪፖርት አያነብም።

ተደራጅ_ወጣት
ይቅርታ፣ ሁላችሁም ስለ ውሃ ታወራላችሁ። እነዚያ ልጆች ምን ይብሉ? ወይራ ተክሎ ሠላሳ ዓመት መጠበቅ ለጡረተኛ ነው። ባሕር ዛፍ በአምስት ስድስት ዓመት አጣና ይሆናል። እኔም ተደራጅቼ ያለሁ ሰው ነኝ። «ተፈጥሮን ጠብቁ» ብሎ ሁሉም ይሄዳል፤ ብድሩን የሚከፍለው ማን ነው?

ሽምብጥ_ልጅ
ይኼ ጥያቄ እውነተኛ ነው። ወጣቶቹም ይህንኑ ነው የሚሉት።

ዲኤ_የነበርኩ
ከተከለለ ቦታ ቶሎ ገንዘብ የሚያመጣው ሣሩ ነው። ከብት አይገባም፤ ታጭዶ ይወጣል። በጋ ላይ የአንድ ሸክም ሣር ዋጋ ታውቃላችሁ። ቀጥሎ ንብ። ቁጥቋጦው ሲያብብ ቀፎ ይሰቀላል። ሁለቱም እንደ ባሕር ዛፍ ውሃውን አያሟጥጡም። አጣና ካስፈለገ ደግሞ ከተዳፋቱ ውጭ፣ ጥልቅ አፈር ያለበት፣ ከምንጭና ከጎረቤት ማሳ የራቀ ጥግ ይፈለግለት። ባሕር ዛፍ ወንጀለኛ አይደለም። ቦታ ነው የሚጠይቀው።

ተደራጅ_ወጣት
ሣር በመጀመሪያው ዓመት ይታጨዳል?

ዲኤ_የነበርኩ
መሬቱ ምን ያህል እንደተራቆተ ይወስነዋል። ፍየሉ በእውነት ከወጣ በመጀመሪያው መስከረም የሚታይ ነገር ይኖራል። አጭዶ ለመሸጥ ግን ለሁለተኛው አስቡ። ዘሩ ይርገፍ፤ ከዚያ እጨዱ።

ድንጋይ_አንባቢ
ስለ ምንጯ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ሁላችንም ከምንጯ በላይ ያለው ተዳፋት ነው የሚመግባት ብለን ነው የምናወራው። በኖራ ድንጋይ አገር ይህ ላይሆን ይችላል። ውሃው በስንጥቅ ስለሚሄድ ከተራራው ቅርፅ ጋር አይስማማም። ከላይ ያለው የጤፍ ሜዳ ላይ የዘነበው ውሃ ባዛልቱን አልፎ፣ አሸዋ ድንጋዩን አልፎ፣ የኖራ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል እዚህ የሚወጣው። ያ ከሆነ ተዳፋቱ ላይ ምንም ብትተክሉ ምንጯ ብዙ አትሰማም። ሜዳው ላይ የሚደረገው ግን ይነካታል።

ለማወቅ ቀላል ምልክት አለ። ትልቅ ዝናብ በዘነበ ማግስት ምንጯ ትጨምራለች? ትደፈርሳለች? ቶሎ የምትጨምርና የምትደፈርስ ከሆነ ውሃው ከቅርብ፣ በሰፊ ስንጥቅ ነው የሚመጣው። ዝናቡን ሳትሰማ በዝግታ የምትጨምርና ጥርት ያለች ከሆነ ከሩቅ ነው፤ ወይም በጠባብ መንገድ ተጣርቶ ነው።

ሽምብጥ_ልጅ
እናቴን ጠየቅኳት፤ ልጅ ሆና ከዚያ ነበር የምትቀዳው። ሐምሌ ላይ ትደፈርሳለች፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ቡኒ ውሃ ነው የሚወጣው ትላለች። መስከረም አጋማሽ ላይ ነው የምትጠራው።

ድንጋይ_አንባቢ
እንግዲያስ ቢያንስ ከፊሏ ከቅርብ ነው የምትመገበው። ተዳፋቱ ይመለከታታል ማለት ነው። ሌላም ነገር ነገረችን፤ አፈር በስንጥቁ እየገባ ነው። የተራቆተ የኖራ ድንጋይ አፈሩን ወደ ታች ወንዝ ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ በራሱ ቀዳዳም ይውጠዋል። ውሃዋን አፍልተው ይጠጡ። በሰፊ ስንጥቅ የመጣ ውሃ አይጣራም፤ ከላይ ከብት የዋለበት ሁሉ ይወርዳል።

ቀለመ_አፈር
ሽምብጥ_ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ አስደርግልኝ። ከመትከላቸው በፊት ይለኩ። አለበለዚያ ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚያው ሽማግሌዎች እንደገና ለሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ።

መሣሪያ አያስፈልግም። ለምንጯ፦ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በስልክ ሰዓት ይያዝና ይጻፍ። በወር አንዴ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ወረፋው ሳይጀመር። ለአፈሩ፦ ከተዳፋቱ ሦስት ዓይነት ቦታ ይምረጡ፤ የአፈር ኪስ፣ መሃል ላይ ያለ ስስ አፈር፣ ግርጌው። ከሚከለለው ቦታ አጠገብም ያው ዓይነት ሳይከለል የሚቀር መሬት ይኑር፤ ከሱ ጋር ካልተወዳደረ ዝናቡ ጥሩ የነበረበትን ዓመት የዛፉ ሥራ ነው ትላላችሁ። በተመሳሳይ ቀን እስከ ድንጋዩ ይቆፈር። ከላይና ከታች አፈር እየተወሰደ በእጅ ይጨበጥ። ሲጨበጥ ተጣብቆ ከቀረ፣ ሲነኩት ከተበተነ፣ አቧራ ከሆነ ይጻፍ። ለገበሬ እጅ ይህ በቂ ነው። ከፈለጋችሁ በፌስታል አጥብቃችሁ አሥራችሁ ባሕር ዳር ላኩልኝ። መዝኜ፣ በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት አድርቄ፣ መልሼ እመዝንላችኋለሁ። ጠጠሩን ግን ለይቼ ነው የማሰላው፤ የኖራ አፈር ብዙ ጊዜ ጠጠር ስለሚበዛበት ካልተለየ ቁጥሩ ያሳስታል።

ጊዜው ጥቅምት መጨረሻና ሚያዝያ ይሁን። ጥቅምት ላይ መሬቱ ስንት እንዳስቀመጠ ታያላችሁ፤ ሚያዝያ ላይ ስንቱ እንደተረፈ። ዛፍ መርዳቱና መጉዳቱ የሚለየው በሁለቱ መካከል ነው።

መርዓዊ_መንገድ
ይህን እደግፋለሁ። የኛም ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በፊት እንዲህ ተለክቶ ቢሆን ዛሬ ፍርድ ቤት ባልተመላለስን ነበር።

ሽምብጥ_ልጅ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሁሉንም በስልክ አነበብኩላቸው። ባሕር ዛፉ ከተዳፋቱ ቀርቷል። አንዱ አጎቴ ከሜዳው ዳር የራሱን አንድ ቃዳ መሬት ለአጣና ሊያከራያቸው ነው። ከምንጯ በሌላ ወገን ነው። ተዳፋቱ ይከለላል፣ ሣሩ የወጣቶቹ ይሆናል። ክትክታና ወይራ ለሐምሌ። ጀሪካኑን የምትለካው የአጎቴ ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ነች፣ ደብተር ገዝታለች።

የቀረው ፍየል ነው። ከአፋፉ ማዶ ያሉ ሰዎችም እዚያ ነው የሚያሰማሩት፤ ስብሰባው ላይ አልነበሩም።

ዲኤ_የነበርኩ
እነሱ ሳይጠሩ አትከልሉ። ስብሰባውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አድርጉትና የነሱን ሽማግሌ ቀድማችሁ አናግሩ። ከሣሩ ድርሻ ይቆረጥላቸው። አለበለዚያ ጥበቃ ቀጥራችሁ ስትጣሉ ትኖራላችሁ።

ዘጌ_ቡና
ቡናም አፍሉላቸው።